ከቆርቆሮው በታች፦ የጣሪያ ሙቀት መከላከያን ስለ መምረጥ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ከራሳችን በላይ ያለ፣ ነገር ግን ሲያፈስ ካልሆነ በቀር ቀና ብለን የማናየው ነገር ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ። በትምህርት ክፍሎቻችን ስለ ኮንክሪትና ስለ ብረት አጽም፣ ስለ መስታወት ግንብና ስለ ከፍታ ብዙ እናስተምራለን። እጅግ ብዙ ሕዝባችን የሚያድርበትን፣ የሚማርበትንና የሚታከምበትን ስስ የብረት ክዳን ግን በአንድ ሁለት ሥዕል እናልፈዋለን። ይዤ የቀረብሁት ጥያቄ አንድና ጠባብ ነው፤ በዚህ ክዳን ሥር የሙቀት መከላከያ ለማድረግ የወሰነ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት ምርጫውን በምን ላይ ተመሥርቶ ያድርግ?

ጥያቄው የምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሕዝብ ንግግር ባላበቃሁት ነበር። ሰኔ ላይ፣ ልክ በፈተናው ሰሞን፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መውረድ ሲጀምር በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆን ከመካከላችሁ የማያውቅ የለም። መምህሩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ቀጥሎ ይጮኻል፤ በመጨረሻ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝናቡ እስኪያባራ ይቆማል። በቆላው ደግሞ «ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይቀመጥ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መድኃኒት በጤና ኬላው መጋዘን መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ ከበላዩ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ከ60 ዲግሪ በላይ የጋለ ብረት ተዘርግቶበት ይውላል። መድኃኒቱ ለበሽተኛው ሲደርስ ኃይሉን ይዞ መገኘቱን የሚወስነው ፋብሪካው ብቻ አይደለም፤ የመጋዘኑ ጣሪያም ጭምር ነው።

ቆርቆሮው ራሱ ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ፈጠራ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ስስ ብረትን በማዕበል ቅርጽ ማጠፍ እንደሚያጠነክረው ተረድቶ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1829 ነው፤ ብረቱን በዚንክ ለብጦ ከዝገት የመጠበቁን ዘዴ ደግሞ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል በ1837 አስመዘገበ። ወደ መሐል አገራችን ይገባ የነበረው በግመልና በበቅሎ ነው፤ የጅቡቲው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ሸክሙ ከእንስሳቱ ጀርባ ወረደ። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቆርቆሮ ለምን እንዳሸነፈ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ አይቃጠልም፣ ቶሎ ይመታል፣ ውኃ አያሳልፍም፣ እንደ ሣር በየጊዜው አይታደስም፣ ካረጀም በኋላ ቆራሌው ይገዛዋል። በምትኩ ያጣነውን ነገር ግን በቁጥር አስቀምጠን ማየት ይገባናል።

በገበያችን በጌጅ ቁጥር የሚሸጠው ቆርቆሮ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ብረት ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ለአንድ ሜትር ለአንድ ዲግሪ 50 ዋት ገደማ ስለሆነ፣ ይህን ያህል የሳሳ ብረት ሙቀትን የመቋቋም ችሎታው እንደሌለ ይቆጠራል። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ በውስጥና በውጭ አየር መካከል ላለው ለእያንዳንዱ የአንድ ዲግሪ ልዩነት በካሬ ሜትር 7 ዋት ያህል ያሳልፋል። ያችን ጥቂት መከላከያ የሚሰጠውም ብረቱ ሳይሆን በሁለቱ ገጾቹ ላይ ተጠግቶ የሚቆየው ስስ የአየር ሽፋን ነው። ስለሆነም 35 ጌጁን አውልቆ 28 ጌጅ ማልበስ ለዝገት፣ ለነፋስና ለበረዶ ይጠቅማል፤ ለሙቀትና ለብርድ ግን የሚጨምረው ነገር የለም። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ወፍራሙን ካለበስነው ቤቱ ይሞቃል» በሚል እምነት ገንዘቡን በሙሉ በብረቱ ላይ የሚጨርስ ባለቤት ብዙ ነው።

አሁን የተውነውን እንመልከት። በደንብ ታጭቆ የተከደነ 25 ሴንቲ ሜትር የሣር ክዳን፣ የሣሩን የማስተላለፍ አቅም በ0.07 ብንወስደው፣ በተመሳሳይ ስሌት የሚያሳልፈው ከ0.3 ዋት በታች ነው። ከባዶ ቆርቆሮ ከ20 እጥፍ በላይ ይሻላል ማለት ነው። የትግራዩ ሕድሞና የሐረር ቤት የአፈር ጣሪያ ደግሞ የተለየ ጥበብ አላቸው። አፈር እንደ መከላከያ ደካማ ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአፈር ድልድል ግን በክብደቱ የቀኑን ግለት ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያደርሰው 8 ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው፣ ያውም ግለቱ በመንገድ ተዳክሞ። ቀኑ በሚሞቅበትና ሌሊቱ በሚበርድበት አገር ይህ መዘግየት ቀላል ጥቅም አይደለም። ቆርቆሮ ከሁለቱም የለውም፤ መከላከያም ክብደትም ስለሚጎድለው ፀሐይ ስትወጣ አብሮ ይግላል፣ ስትጠልቅ አብሮ ይቀዘቅዛል። ወደ ሣር እንመለስ የሚል ካለ በመጀመሪያ የእሳቱን፣ የምስጡንና የሣሩን መጥፋት ጉዳይ ይመልስልኝ፤ እኔ ይህን የማነሣው መመዘኛ እንዲሆነን ብቻ ነው።

በዚህ መመዘኛ አንድ የአዲስ አበባ ቤት እንሥራ። የጣሪያው ስፋት 60 ካሬ ሜትር ይሁን፤ በኅዳር ሌሊት ውጭው 8 ዲግሪ፣ ውስጡ 18 ዲግሪ ነው እንበል። ኮርኒስ ከሌለው በጣሪያው በኩል የሚወጣው ሙቀት ከ4,200 ዋት በላይ ነው። 8 ሚሊ ሜትር የችፑድ ኮርኒስ ከተመታበት፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የታጠረው አየር ስለሚያግዝ፣ ወደ 1,600 ዋት ይወርዳል። በኮርኒሱ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ፎም ወይም የድንጋይ ሱፍ ብናነጥፍበት 355 ዋት ገደማ ይሆናል። አንድ የተኛ ሰው ከሰውነቱ የሚለቀው ሙቀት ወደ 70 ዋት ነው፤ አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ 350 ዋት ይለቃል። እንግዲህ በ5 ሴንቲ ሜትር መከላከያ ጣሪያው የሚያባክነውና ቤተሰቡ ተኝቶ የሚያመነጨው ተቀራረቡ ማለት ነው። በግድግዳውና በክፍተቶች የሚወጣውን እዚህ ስሌት ውስጥ አላስገባሁትም፤ ወደ ክፍተቶቹ እመለስበታለሁ።

ውፍረቱን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ብናሳድገውስ? ብክነቱ ወደ 200 ዋት ይወርዳል። የመጀመሪያው 5 ሴንቲ ሜትር ከ1,200 ዋት በላይ አድኖ ነበር፤ ሁለተኛው 5 ሴንቲ ሜትር ግን፣ በእኩል ዋጋ ተገዝቶ፣ የሚያድነው 155 ዋት ብቻ ነው። ሰሜን አውሮፓውያን 30 ሴንቲ ሜትር የሚያለብሱት ክረምታቸው ወራት ስለሚዘልቅና ለማሞቂያው ስለሚከፍሉ ነው። በእኛ ደጋ አቅሙ የተወሰነ ቤተሰብ አንዱን ክፍል በ10 ሴንቲ ሜትር ከሚያለብስ ሁለቱን ክፍል በ5 ቢያለብስ ይሻለዋል። ከውጭ አገር የተቀዱ የውፍረት ሰንጠረዦችን ለደንበኛ ከማቅረባችሁ በፊት ይህን ቀላል ስሌት ሥሩ።

እስካሁን ሙቀትን እንደ አንድ ነገር ቆጥሬ ነው የተናገርሁት። ምርጫው የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ሙቀት በንክኪ፣ በአየር ዝውውርና በጨረር ይሄዳል፤ ሦስቱ ግን ወደ ላይና ወደ ታች እኩል አይሄዱም። የሞቀ አየር ይወጣል። ደጋ ላይ በሌሊት ሙቀቱ ከቤቱ ወደ ጣሪያው ሲወጣ የአየር ዝውውሩ ያግዘዋል። ቆላ ላይ በቀን ግን ሙቀቱ ከጋለው ቆርቆሮ ወደ ታች ይመጣል፤ ከቆርቆሮው ሥር ያለው የሞቀ አየር እዚያው ላይ ተንሳፎ ይቀራል፣ አይወርድም። ታዲያ ቀትር ላይ በሰመራ ወይም በጋምቤላ አናታችንን የሚመታው ምንድን ነው? በዋናው ጨረር ነው። ሰውነታችን የሚሰማው የአየሩን ሙቀት ብቻ ሳይሆን ከላዩ የተዘረጋውን ብረት ግለት ነው።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። ቆርቆሮው 65 ዲግሪ፣ ኮርኒሱ 35 ዲግሪ ቢሆን፣ ሁለቱም እንደ አብዛኞቹ የሕንጻ ገጾች ጨረርን በደንብ የሚለቁና የሚቀበሉ ቢሆኑ፣ በካሬ ሜትር ወደ 190 ዋት በጨረር ብቻ ይወርዳል። በመካከላቸው ካሉት ገጾች አንዱን በሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ፎይል ብንሸፍነው ይህ ወደ 11 ዋት ይወርዳል። ከወረቀት የሳሳ ነገር ይህን ማድረጉ ለብዙዎች አስማት ይመስላል፤ ምስጢሩ ያብለጨለጨ አሉሚኒየም ጨረርን እጅግ ጥቂት መልቀቁና እጅግ ጥቂት መቀበሉ ነው። ሁለት ነገር ግን መሟላት አለበት። ፎይሉ ፊት ለፊቱ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ክፍት አየር ያስፈልገዋል፤ ከቆርቆሮው ጋር ወይም ከኮርኒሱ ጋር በሁለቱም ገጹ ከተጣበቀ ሙቀቱ በንክኪ ያልፍና ፎይሉ ተራ ብረት ይሆናል። ሁለተኛው አቧራ ነው። ብልጭታው ወደ ላይ የዞረ ፎይል በአቧራማ ከተሞቻችን ውስጥ በጥቂት ጊዜ ይሸፈናል፤ አቧራ ደግሞ ጨረርን በደንብ ይቀበላል። ስለዚህ ፎይሉ ከሞራሌው ሥር ተወጥሮ የሚያብለጨልጨው ገጹ ወደ ታች ይዙር። ወደ ታች የዞረ ገጽ የፀሐይ ግለቱን ከላይ ተቀብሎም ቢሆን ወደ ቤቱ ለመልቀቅ ስለማይፈቅድ ሥራውን ይሠራል።

ይኸው ፎይል በአዲስ አበባ ሌሊት የሚሰጠው አገልግሎት በጣም ያነሰ ነው፤ ወደ ላይ የሚሄደውን የአየር ዝውውር አይገታምና። አንዱን ዕቃ «ለሁሉም አየር ጠባይ» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ሲገጥማችሁ ሙቀቱ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁት።

ከፎይሉም በፊት የሚመጣ፣ ከሁሉ የሚረክስ መፍትሔ ለቆላው አለ፤ ነጭ ቀለም። ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ አካባቢ የምንገኝ በመሆናችን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢና ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ በቀትር ልክ ከአናታችን ላይ ትቆማለች፤ በቀሩትም ወራት ከዚያ ብዙ አትርቅም። ስለዚህ በእኛ አገር ከቤቱ ገጾች ሁሉ አብዛኛውን ፀሐይ የሚቀበለው ጣሪያው ነው፤ በጠራ ቀትር በካሬ ሜትር ወደ 1,000 ዋት። ያረጀና የዛገ ቆርቆሮ የዚህን አብዛኛውን ይመጥጣል፤ ንጹሕ ነጭ ቀለም ግን ሩቡን ያህል ብቻ። «አዲሱ ቆርቆሮስ እንደ መስታወት ያብለጨልጭ የለም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ያብለጨልጫል፤ ነገር ግን ያው ብልጭታ የመጠጠውን ግለት መልሶ ወደ ሰማይ እንዳይለቅም ይከለክለዋል። ነጭ ቀለም የተቀባ ጣሪያ የሚመጥጠው ጥቂት ነው፣ የሚለቀው ብዙ ነው፤ ለዚህ ነው አዲስ ቆርቆሮ ከነጭ ጣሪያ ይልቅ የሚግለው። ጥቁር ቡናማና ደማቅ ቀይ ኢጋ ቆርቆሮ በቆላ ከተሞች መብዛቱ ለእኔ የመልክ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይታየኝም።

ወደ ደጋው እንመለስና ስለ ጤዛ እንነጋገር። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ፣ ሰማዩ ጠርቶ ደመና ጠፍቶ ባደረበት ቀን፣ ኮርኒስ በሌለው ቤት ውስጥ ከቆርቆሮው ውኃ ጠብ ጠብ ሲል ይታያል። ባለቤቱ ቆርቆሮ መቺ ጠርቶ ምስማሩን በሙሉ በጎማ ያስቀይራል፤ በሚቀጥለው ማለዳ ግን ጠብታው እንዳለ ነው። የሆነው ይህ ነው፤ ቆርቆሮው ሌሊቱን ሙሉ ግለቱን ወደ ጠራው ሰማይ በጨረር ሲለቅ አድሮ ከውጩ አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በቤት ውስጥ ደግሞ ሰዎች ይተነፍሳሉ፣ ወጥ ይሠራል፣ ልብስ ይደርቃል። 18 ዲግሪ የሆነና እርጥበቱ 70 በመቶ የደረሰ አየር 12 ዲግሪ ገደማ ያለው ገጽ ሲነካ ተኑ ወደ ውኃ ይለወጣል፤ ቆርቆሮው ግን 6 ዲግሪ ሆኖ አድሯል። ጣሪያው አላፈሰሰም፤ ጠብታው የቤተሰቡ እስትንፋስ ነው።

መከላከያ ስናስገባ ይህ ችግር ቦታውን ይለውጣል እንጂ በራሱ አይጠፋም። ተኑ በድንጋይ ሱፍ ወይም በፋይበር ግላስ ውስጥ ያለ ችግር ያልፋል፤ ከቀዝቃዛው ብረት ሲደርስ ውኃ ይሆናል፤ ውኃው ወደ ሱፉ ተመልሶ ይንጠባጠባል። የረጠበ ሱፍ መከላከያነቱን ያጣል፣ ሞራሌውን ያበሰብሳል፣ ቆርቆሮውንም ከሥሩ ያዝገዋል። ስለዚህ በደጋ ቤት ተኑን የሚያግድ ላስቲክ ከመከላከያው በታች፣ ማለትም በሞቃቱ ወገን፣ ከኮርኒሱ በላይ ይነጠፋል፤ ከመከላከያው በላይ፣ በቆርቆሮውና በእርሱ መካከል፣ አየር የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱም በጣሪያው ክፈፍና በጫፉ በኩል ከውጭ አየር ጋር ይገናኛል። ላስቲኩን በተቃራኒው፣ ከመከላከያው በላይ ማድረግ ውኃውን በሱፉ ውስጥ ማሰር ነው። አየር ማቀዝቀዣ ቀንና ሌሊት በሚሠራበት እርጥብ ቆላ ደግሞ፣ ጅቡቲን የመሰለ የባሕር ዳርቻ አስቡ፣ ሞቃቱና እርጥቡ ወገን ውጩ ስለሆነ የላስቲኩ ቦታ ይገለበጣል። አንድ ዓይነት ሥዕል ለሁለቱም ቦታ ማባዛት የሚያስከትለውን ጉዳት ከዚህ ተረዱት።

አሁን ቀደም ሲል ላቆየሁት ክፍተት። የቆርቆሮ ቤት ነፋስ የሚያስገባው በግድግዳውና በጣሪያው መጋጠሚያ፣ በቆርቆሮው ማዕበል ሥር ነው። ያን ክፍተት ሳይዘጉ በኮርኒሱ ላይ መከላከያ ማንጠፍ ጋቢ ለብሶ ደረትን እንደ መግለጥ ነው። ስለዚህ ማንም ጥሩ ባለሙያ ክፍተቱን ይዝጉ ይላል። እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት አለብን፤ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን እንድትይዙ እፈልጋለሁ። በብዙ ቤታችን ከሰል ይነድዳል። ቡና ይፈላበታል፣ ወጥ ይሠራበታል፣ በብርድ ሌሊትም ምድጃው ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው አይቀሰቅስም። እስከ ዛሬ ስንቱን ቤተሰብ ያተረፈው ያ የምንወቅሰው ክፍተት ሊሆን ይችላል። የቤቱን ክፍተት የሚዘጋ ባለሙያ እሳቱ ወዴት እንደሚሄድ ሳይጠይቅ ሥራውን ቢጀምር ቤቱን አሙቆ ሰዎቹን ለአደጋ ያጋልጣል። ከሰል ከመኝታ ክፍል ይውጣ፤ ካልወጣ ደግሞ ከታችና ከላይ የማይዘጋ የአየር መግቢያና መውጫ ይተው፣ ቤቱ ጥቂት ቢበርድም።

ስለ ዕቃዎቹ በአጭሩ ልናገር፤ ሻጮቹ ከእኔ ይልቅ በስፋት ይነግሯችኋል። ነጩ ፎም፣ ማለትም ፖሊስታይሪን፣ ቀላልና ርካሽ ነው፣ እርጥበትም እምብዛም አይጎዳውም። ከ80 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ግን መለስለስ ይጀምራል፤ በቆላ ከጥቁር ቆርቆሮ ጋር አጣብቆ መግጠም አይገባም። ፕላስቲክ ከለበሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጋርም ከተነካካ የሽቦውን ሽፋን በጊዜ ብዛት ያደርቀዋል፤ ሽቦው በቱቦ ይለፍ። እሳት ሲነካው ይቀልጣል፣ ይነድዳልም። እንደ ኮርኒስ ተቆርጦ ባዶውን የሚሰቀለው ፎም፣ ከታች በጂፕሰም ካልተሸፈነ፣ በምግብ ቤትም ሆነ በመዋዕለ ሕፃናት መታየት የሌለበት ነገር ነው። በለንደን የግሬንፌል ሕንጻ በ2017 በእሳት ጋይቶ 72 ሰዎች ያለቁት ለሙቀት ቁጠባና ለመልክ ተብሎ በለበሰው ተቀጣጣይ ልባስ ምክንያት ነበር። የድንጋይ ሱፍ አይነድድም፤ ከውጭ ስለሚመጣ ይወደዳል፤ ሲነጠፍ አፍና አፍንጫን፣ እጅንም መሸፈን ያስፈልጋል። የሚረጨው ፖሊዩሪቴን በእኩል ውፍረት ከሁሉ የተሻለ መከላከያ ቢሆንም ከቆርቆሮው ጋር አንድ አካል ይሆናል፤ ሲነድ ጭሱ መርዝ ነው፤ ቆርቆሮው ሲዝግም አይታይም፣ አንዱን ብቻ ነጥሎ መቀየርም አይቻልም። አቡጀዲና የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስን መናቅ የለብንም፤ አየሩን ያጥራሉና ከምንም ይሻላሉ፣ ነገር ግን መከላከያ አይሸከሙም፣ እሳትም ይጋብዛሉ።

ስለ አገር ውስጥ ጥሬ ዕቃ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። የበግ ፀጉር የማስተላለፍ አቅሙ 0.04 ገደማ ነው፤ ከድንጋይ ሱፍ አይርቅም። በርኖሱን የሚለብሰው የመንዝ ሰው ይህን ከእኛ ቀድሞ ያውቀዋል። ከብል የሚጠብቅ ማከሚያ ግን ያስፈልገዋል። በቀላል ጭቃ የተለወሰ ጭድም በቀርከሃ ጣውላ ላይ ሊነጠፍ ይችላል፤ ከፎም ያነሰ መከላከያ ቢሆንም ቆርቆሮ ያጣውን ክብደት ይመልሳል፣ እሳትን ይቋቋማል። ሞራሌው ክብደቱን መቻሉ አስቀድሞ ይሰላ።

ስለ ገጠማው አንድ ማስጠንቀቂያ። አውስትራሊያ በ2009 እና በ2010 ቤቶችን በመንግሥት ድጋፍ መከላከያ ለማልበስ ባካሄደችው ዘመቻ አራት ወጣት ሠራተኞች ሞተዋል፤ ከመካከላቸው ፎይሉን በብረት ስቴፕል ሲመቱ ስቴፕሉ ሽቦ ነክቶ ኤሌክትሪክ የገደላቸው ነበሩ። የእኛ ኮርኒስ ውስጥ ያለው የሽቦ አዘረጋግ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፎይል ከመወጠሩ በፊት ቆጣሪው ይጥፋ፣ ሽቦው ይፈተሽ።

የዝናቡ ድምፅ ጉዳይ ከሙቀቱ የተለየ ሕግ አለው። ፎም ቀላልና ደረቅ ስለሆነ ለድምፅ የሚረዳው ጥቂት ነው፤ «መከላከያ አስገብተን ድምፁ አልቀነሰም» የሚሉ ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ ፎም ያስገቡ ናቸው። ድምፅን የሚገታው ሁለት ነገር ነው፤ የቆርቆሮውን መርገብገብ የሚያፍን ለስላሳ ነገር ከሥሩ ማስጠጋትና ከታች ከባድ ኮርኒስ፣ ለምሳሌ ጂፕሰም፣ ማድረግ። ይህ ግን ከላይ ስለ ጤዛ ከተናገርሁት ጋር ይጋጫል፤ እዚያ ከቆርቆሮው ሥር ክፍተት ይተው ብያለሁና። ለመኖሪያ ቤት ክፍተቱን እመርጣለሁ። ለመማሪያ ክፍል ግን ሱፉ ከቆርቆሮው ጋር ይጠጋ እላለሁ፤ ምክንያቱም ክፍሉ ሌሊት ባዶ ነው። አምሳ ተማሪ የሚተነፍሰው በቀን፣ ቆርቆሮው በሞቀበት ሰዓት ነው፤ ማታ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ ውስጡ የሚተነፍስ የለም። በዚያው ክፍል የማታ ተማሪዎች የሚማሩ ከሆነ ፍርዴ ይለወጣል።

በመጨረሻ በከተሞቻችን ካፌዎችና ሆቴሎች እየበዛ ስለ መጣው የመስታወትና የፕላስቲክ ጣሪያ። እንግሊዞች ከቤታቸው ጀርባ የሚቀጥሉት የመስታወት ክፍል በበጋ የሚያቃጥል፣ በክረምት የሚያንዘፈዝፍ በመሆኑ ብዙዎች ጣሪያውን ወደ ድፍን መከላከያ ያለው ክዳን እየለወጡት ነው። አንድ ንብርብር መስታወት ለአንድ ዲግሪ በካሬ ሜትር ከ5 ዋት በላይ ያሳልፋል፤ ከቆርቆሮ ብዙም አይሻልም፤ በዚያም ላይ ፀሐይን ራሷን ያስገባል። ከውስጥ የሚጋረድ መጋረጃ የሚከላከለው ዓይንን ነው፤ ጨረሩ መስታወቱን አልፎ መጋረጃውን አግሎታል፣ የጋለው መጋረጃም ክፍሉን ያሞቃል። ጥላው ከመስታወቱ በላይ፣ ከውጭ መሆን አለበት፤ የቀርከሃ ርብራብ ይበቃል። በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ከ9 ዲግሪ ፀሐይ በታች የመስታወት ጣሪያ የሚሠራ ሰው ግን መጀመሪያውኑ የሚያስፈልገው ብርሃን ምን ያህል እንደሆነ ይለካ፤ ከጣሪያው ከአሥር አንዱ ብርሃን ቢያሳልፍ ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች የማቀርበው ሥራ አለ። አራት ቴርሞሜትር ይበቃል፤ አንዱ በቆርቆሮው ሥር፣ አንዱ በኮርኒሱ ላይ፣ አንዱ በክፍሉ መካከል፣ አንዱ በውጭ ጥላ ሥር። በየሰዓቱ፣ ለአንድ ሳምንት በኅዳር፣ ለአንድ ሳምንት በሚያዝያ። ከኮርኒስ ጋርና ያለ ኮርኒስ፣ በነጭ ቀለምና ያለ ቀለም። የማለዳ አሥራ አንድ ሰዓቷን ንባብ እንዳትዘልሏት፤ ቆርቆሮው ከውጩ አየር በታች ወርዶ የሚገኘው በዚያች ሰዓት ነውና፣ ስለ ጤዛው የምታውቁትን ሁሉ የምትነግራችሁ እርሷ ናት። ቴርሞሜትሮቹን ከፋኩልቲው ወርክሾፕ በፊርማ መውሰድ ይቻላል።